ለመዋኛው ጠብታ፣ ለእኛስ?

እህቶቼ፣ መዋኛ ያለው ቤት የሠራችሁ ይህን ሥራ ታውቁታላችሁ። በበጋ ጠዋት ጠዋት ከመዋኛው ውሃ በትንሿ ብልቃጥ እቀዳለሁ፤ ጠብታውን እጨምርበታለሁ፤ ውሃው ቢጫ ይሆናል። ቢጫውን ሣጥኑ ላይ ካለው ቀለም ጋር አስተያይቼ ለመዳም እነግራታለሁ። ከሳሳ ክሎሪን ይጨመራል። ልጆቿ ያንን ውሃ ቢውጡ እንኳ በስህተት ነው። እኔ ደግሞ ጣሪያው ላይ ካለው ሮቶ ቀድቼ እጠጣለሁ፤ ያንን ውሃ አንድም ቀን ማንም ፈትኖት አያውቅም። ቤተሰቡ የሚጠጣው በጋሎን የሚመጣውን ነው።

መዳምን መውቀስ ቀላል ነው። ዛሬ ግን እኛንም ልወቅስ ነው፤ ብልቃጡ እጃችን ላይ እያለ የራሳችንን ውሃ አልፈተንም።

ወደቡ አጠገብ ያለው ካራንቲና ስሙን ያገኘው በ1830ዎቹ ከመርከብ የወረዱ መንገደኞች በሽታ እንዳያስገቡ ተለይተው ይቆዩበት ስለነበር ነው። ያኔ የተፈራው ከባሕር የሚመጣው ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2022 ኮሌራ ከ1993 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊባኖስ ሲገባ ግን የሚፈራው ውሃው ነበር። አገር ቤት አተት ሲባል የሰማን ሰዎች ይህን ማንም ሊነግረን አይገባም። መብራት ሲጠፋ ፓምፕ ይቆማል፤ ከየት እንደተቀዳ የማናውቀው ውሃ በቦቴ ይመጣል። ክሎሪን ቢኖረው እንኳ ፀሐይ በሚያግለው ሮቶ ውስጥ ይቀንሳል።

«ክሎሪን ክሎሪን ይሸታል፣ በቃ ንጹሕ ነው» የምትሉ አላችሁ። አፍንጫ ይዋሻል። የመዋኛው ኃይለኛ ሽታ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከላብና ከሽንት ጋር ተዋህዶ ኃይሉን ካጣ ክሎሪን ነው። «እኔ በረኪና ጠብ አደርግበታለሁ» የምትሉም አላችሁ። ስንት? ሽቶ ያለው በረኪና ደግሞ ጭራሽ ለመጠጥ አይሆንም። በግምት መርዝ ከመጠጣት መለካት ይሻላል።

«መዳም ታባርረኛለች» ለምትሉት፦ መፈተን ፈቃድ አይጠይቅም፤ ወጥ ቤት ውስጥ ከአንድ ደቂቃ በታች ያልቃል። የመዋኛው ቢጫ ጠብታ ግን ለመጠጥ ውሃ አይመጥንም። ለመዋኛ ከ1 እስከ 3 ሚሊ ግራም በሊትር ይፈለጋል፤ ለመጠጥ ከቧንቧ ሲወርድ ከ0.2 እስከ 0.5 ይበቃል፤ የመዋኛው ሣጥን ይህን ትንሽ መጠን በደንብ አይለይም። እኛ የምንፈልገው ውሃውን ሮዝ የሚያደርገውን ዲፒዲ የሚባል እንክብል ነው፤ ቁጥር 1 የሚለውን፣ ምክንያቱም ገና ኃይሉ ያለውን ክሎሪን የሚያሳየው እሱ ነው። እንክብሉን በእጅ አትንኩ፤ የተፈተነውን ውሃ አትጠጡ፣ ድፉት፤ ብልቃጡን እጠቡ። አንድ ማታለያም አለው፤ ክሎሪኑ እጅግ ሲበዛ ሮዙን ራሱ ያነጣውና ባዶ ያስመስለዋል። ስለዚህ ውሃው በኃይል እየሸተተ ቀለም ካላወጣ በጋሎን ውሃ አቅጥናችሁ ድገሙት።

ሮዝ ካልሆነ ውሃውን አፍልታችሁ፣ ሲንተከተክ አንድ ደቂቃ ቆጥራችሁ፣ አቀዝቅዛችሁ ጠጡ። ሮዝ ሆነ ማለትም ሁሉም ደህና ነው ማለት አይደለም፤ የባሕር ውሃ የገባበትን የጉድጓድ ጨው ይህ እንክብል አያውቅም።

የምጠይቀው ይህን ነው። ከእሁዱ መዋጮ አንድ ሣጥን እንግዛ። ውሃውን በኮዳ ይዛችሁ ዳውራ አታምጡ፣ ክሎሪኑ መንገድ ላይ ይቀንሳል። እንክብሉን ተካፍለን እየወሰድን በየቤታችን እንፈትን፤ ቀኑንና ቀለሙን በደብተር እንጻፍ። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የሥራ ውል ምግባችንን በአሠሪው ላይ ጥሏል፤ ውሃ የሌለበት ምግብ ደግሞ የለም። «ውሃው ደስ አላለኝም» ስንል ማንም አይሰማንም። «ሦስት ሳምንት ፈተንኩት፣ አንድም ቀን ሮዝ አልሆነም፤ ከጋሎኑ ልጠጣ» ስንል ግን መልስ መስጠት የእነሱ ፋንታ ይሆናል።

ለመዋኛቸው በየጠዋቱ የምንቆጥረውን ጠብታ ያህል ለራሳችን ጉሮሮ እንቁጠር።