የስሕተት መልእክት ይነበብ

ቺፕ ለመንደፍ የሚያገለግሉ ሶፍትዌሮች አብዛኞቹ የሚሠሩት በሊኑክስ ላይ ነው። ከእነዚህ አንዱን ለመጀመሪያ ጊዜ የጫነ ተማሪ ግን ብዙውን ጊዜ የሚጠብቀው የንድፍ ሰሌዳ አይከፈትለትም፤ ጥቂት የስሕተት መስመሮች ይታዩና ፕሮግራሙ ይዘጋል። የተለመደው መፍትሔ መልእክቱን ሳያነቡ ኢንተርኔት መፈለግ፣ ያገኙትን ትእዛዝ ሁሉ መገልበጥ፣ ይህም ካልሆነ ሊኑክስን እንደገና መጫን ነው። ይህ ልማድ መቅረት አለበት እላለሁ።

በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆይቷል። በጎንደር ወይም በባሕር ዳር ተምሮ ለዕረፍት ወደ መተማ ዮሐንስ ወይም ወደ ገንዳ ውኃ የሚመለስ ተማሪ ዕውቀቱ በፍለጋ ላይ ብቻ የተመሠረተ ከሆነ፣ መስመሩ በተቋረጠ ቀን ትምህርቱም አብሮ ይቋረጣል። መልእክቱን ማንበብ የሚችል ግን መፍትሔው በአመዛኙ እዚያው ማሽኑ ውስጥ አለለት።

ጥቂት ምሳሌዎች እንመልከት። የጋራ ላይብረሪ አልተገኘም የሚል መልእክት የጎደለውን ፋይል በስሙ ይጠራል፤ «ኤል-ዲ-ዲ» የተባለው ትእዛዝም የጎደሉትን ሁሉ ይዘረዝራል። ፕሮግራሙ በዓይን እየታየ «ፋይሉ የለም» ከተባለ፣ ለ32 ቢት የተሠራ ፕሮግራም 64 ቢት ብቻ በተጫነበት ማሽን ላይ ጫኚውን አጥቶ ሊሆን ይችላል። ማሳያ መክፈት አልተቻለም ከተባለ፣ ከርቀት ሰርቨር የገባው ተጠቃሚ የስክሪኑን አድራሻ አላስተላለፈም ማለት ነው። የማዘርቦርዱ ባትሪ ሞቶ ሰዓቱ ወደ ኋላ ከተመለሰ ደግሞ የንግድ ሶፍትዌሩ ፈቃድ ገና ያልጀመረ መስሎ ይታያል። መብራት በድንገት ሲጠፋ የሚቀር የቁልፍ ፋይልም ንድፉ በሌላ ሰው እንደተያዘ ያስመስላል፤ ይህን ፋይል መሰረዝ የሚገባው በእርግጥ ማንም እየሠራበት አለመሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ ብቻ ነው።

በእነዚህ ሁሉ አንድ ደንብ ይሠራል፤ ይኸውም ከመጨረሻው ይልቅ የመጀመሪያውን ስሕተት ማየት ነው። ተከታዮቹ ብዙውን ጊዜ የእርሱ ውጤቶች ናቸውና።

የኤሌክትሮኒክስ ተማሪ ጊዜውን በንድፍ እንጂ በጭነት ለምን ያጠፋል የሚሉ አሉ። ሐሳባቸው ከፊል እውነት አለው፤ የሠለጠነ ባለሙያ ያለው ላቦራቶሪ ብዙ ድካም ያስቀራል። ይሁን እንጂ ምልክትን ከመንስኤ መለየት ያልለመደ ተማሪ፣ ነገ ወረዳው በማይሠራበት ጊዜም በዚያው መንገድ ይደናገራል።

ዕድሉም ዛሬ ሰፊ ነው። ጉግልና ስካይዋተር የተባለው የአሜሪካ ቺፕ አምራች በ2020 እ.ኤ.አ. የ130 ናኖ ሜትር አመራረት የንድፍ መረጃዎችን ለሁሉም ክፍት አድርገዋል። በ1980ዎቹ በበርክሌይ የተጀመረው ማጂክ፣ እንዲሁም ኤንጂ-ስፓይስ ያለ ክፍያ ይገኛሉ። ለእነዚህ የፈቃድ ሰርቨር አያስፈልግም፤ ሆኖም ማጂክ የቴክኖሎጂ ፋይሉን ካላገኘ፣ ወይም ፋይሉ ከሚጠይቀው እትም ያረጀ ከሆነ እርሱም ያስቸግራል።

ስለሆነም የትምህርት ክፍሎች የሶፍትዌሮቹን፣ የንድፍ መረጃዎቹንና የመመሪያዎቹን ቅጂ በግቢያቸው ሰርቨር ቢያስቀምጡና ተማሪው በፍላሽ ይዞ እንዲሄድ ቢፈቅዱ መልካም ነው። ተማሪውም ያጋጠመውን ስሕተት፣ መንስኤውንና መፍትሔውን በደብተሩ ይመዝግብ። ለሚቀጥለው ተማሪ ከዚህ የተሻለ መመሪያ አይገኝም።