ናናክን የፊዚክስ ሊቅ አታድርጉት

«ጉሩ ናናክ ጋላክሲን ከሳይንቲስቶች ቀድሞ ያውቅ ነበር» የሚል ሲክ ኢንተርኔት ላይ ሞልቷል። ማስረጃው? ጃፕጂ ውስጥ ስፍር ቁጥር የሌላቸው ዓለማት ተጠቅሰዋላ! ወዳጆቼ፣ ናናክ (1469-1539 እ.ኤ.አ.) እዚያ የሚለው የፈጣሪን ሥራ ቆጥራችሁ አትዘልቁትም ነው። ይሄ መደነቅ እንጂ መለካት አይደለም።

ደግሞስ ሳይንስን ለሙገሳ የጠራ ለምርመራም ይጥራዋ! ፓሻውራ ሲንግ፣ ያውም ራሱ አማኝ ሲክ፣ አዲ ግራንት እንዴት እንደተጠናቀረ አጥንቶ በ1991 ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬቱን ያዘ። ምን ተረፈው? የቁጣ መዓት። በ1994 አካል ታኽት የተባለው የሲኮች የበላይ መንበር አስጠርቶ ቀጣው። ይህ መጽሐፍ እኮ በ1604 ሲጠናቀር የሙስሊሙን የሼክ ፈሪድንና የሸማኔውን የካቢርን ግጥሞች ሳይፈራ አቅፏል። አሁን የአንድ ተማሪ ጥናት ያፈርሰዋል? «ሲክ» የሚለው ቃል ራሱ ተማሪ ማለት ነው!

የሚያኮራ ሳይንስ ካማራችሁ ናሪንደር ካፓኒ አለላችሁ። ከመምህሩ ከሆፕኪንስ ጋር በ1954 በኔቸር መጽሔት ያሳተመው፣ ምስል በመስታወት ክሮች ጥቅል ማስተላለፍ እንደሚቻል ነው። ሲክ ነበር። ያገኘው ግን ለንደን፣ ላቦራቶሪ ውስጥ እንጂ ስንኝ ሲቆጥር አይደለም።