ምስሉ አለ፣ ስም የለውም

በ1967 ዓ.ም. የዘመን መለወጫ ዕለት ማታ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አንድ ፊልም አሳየ። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ስለ ወሎ ረሃብ የሠራው፣ በአገሩ ቴሌቪዥን ጥቅምት 1966 የታየው ዘገባ ነበር። ደርግ ግን ፊልሙን እንዳለ አላቀረበውም። በየመካከሉ የቤተ መንግሥት ግብዣና በሳሕን ሥጋ የሚቀርብላቸው ውሾች ምስል ሰካበት። ንጉሠ ነገሥቱም እንዲያዩት አስቀድሞ ተነግሯቸው ነበር። በማግስቱ መስከረም 2 ጠዋት በአንዲት ቮልስዋገን ተጭነው ከቤተ መንግሥት ወጡ።

የወሎው ምስል እውነት ነበር። የግብዣውም ምስል እውነት ነበር። መቀሱ ግን በደርግ እጅ ነበር። ከዚያች ማታ ወዲህ ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሁሉ አንድ ነገር የገባው ይመስለኛል። የድሮ ዜና የጦር መሣሪያ ነው፤ የጦር መሣሪያ ደግሞ ግምጃ ቤት ይቆለፍበታል እንጂ ለሕዝብ አይታደልም። ስለዚህ በዓል ሲመጣ ግማሽ ደቂቃ ይመዘዝና ይታያል፣ በዓሉ ሲያልፍ ይመለሳል። ያለፈውን መንግሥት መውቀስ ሲያስፈልግ ደግሞ ሌላ ግማሽ ደቂቃ ይወጣል። የቀረው ሰዓት ምን እንደሚል የሚጠይቅ የለም።

ከሶማሊያ ጋር በተደረገው ጦርነት የተገኘውን የካራማራን ድል ያህል ይህን የሚያሳይ የለም። በየዓመቱ የካቲት 26 ሲደርስ ያው ታንክ አቧራ እያስነሳ ያልፋል፣ ያው ወታደር ጠብመንጃውን ከፍ ያደርጋል፣ ያው ሽለላ ከበስተኋላ ይሰማል። ባለፈው የካቲት በሰፈራችን ሻይ ቤት አንድ ወጣት ይህንኑ ምስል በስልኩ ከፍቶ ሲያይ አጠገቡ አንድ አዛውንት ተቀምጠው ነበር። በታጠቅ ጦር ሰፈር ሠልጥነው ከዘመቱት ሚሊሺያዎች አንዱ እንደሆኑ ሰፈሩ ያውቃል፤ እሳቸው ግን እምብዛም አያወሩም። ድንገት መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ አወጡና ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት።

«እስቲ አቁመው ልጄ። ትንሽ መልሰው። እ… እዚህ ጋ።»

በጭነት መኪና ላይ ተሳፍረው የሚሄዱ ወታደሮች ናቸው። አዛውንቱ በጣታቸው እየነኩ ይቆጥሩ ጀመር። ይኼ የእነብሴ ልጅ ነው። ይኼኛው ምግብ አብሳያችን ነበር፣ ጠብመንጃ የያዘው ለካሜራው ብሎ ነው። ጣታቸው የስልኩን መስታወት በነካ ቁጥር ምስሉ እየተንቀሳቀሰ ወጣቱ መልሶ ያቆመዋል። «ጋሼ፣ ይኼ ጫፍ ላይ ያለውስ?» አላቸው። «እሱን ሳንቀብረው ነው ያለፍነው» አሉ። ከዚያ መነጽራቸውን አወረዱ፤ ሻያቸው ቀዝቅዞ ነበር፣ ሌላ እንዲመጣላቸው አዘዙ።

በዜናው ላይ አንባቢው የሚለው «ጀግናው ሠራዊታችን» ብቻ ነው። የአንድም ሰው ስም የለም። ቦታው አይታወቅም፣ ቀኑ አይታወቅም። ሦስቱንም የሚያውቅ ሰው ሻይ ቤት ተቀምጧል። ያኔ የ20 ዓመት ጎረምሳ የነበረ ዛሬ ሰባን እያንኳኳ ነው፤ ያኔ 30 የሞላው ደግሞ ሰማንያ ተጠግቷል። እኔ በዚህ ዓምድ የምለው ይህንኑ ነው። ምስሉንና ምስክሩን ሁለቱም በሕይወት እያሉ ፊት ለፊት እናስቀምጣቸው።

ምስሉም ቢሆን ይሞታል። ብዙ ሰው አንዴ የተቀረጸ ነገር ለዘለዓለም የሚኖር ይመስለዋል። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ነው። በዚያ ዘመን የዓለም የዜና ካሜራ የሚቀርጸው በ16 ሚሊ ሜትር ፊልም ላይ ነበር። እንዲህ ያለ ፊልም ሙቀትና እርጥበት ባለበት ቤት ከተቀመጠ ኬሚካሉ ይበላሽና ቆርቆሮው ሲከፈት ኮምጣጤ ይሸታል፤ ከዚያ ይሸበሸባል፣ ይሰባበራል። ቀጥሎ የመጣው የቪዲዮ ካሴት ሌላ በሽታ አለበት። ምስሉን የተሸከመው ስስ ሽፋን ከጥብጣቡ ጋር የተጣበቀበት ማስቲሽ እርጥበት ይጠጣል፤ ማጫወቻው ውስጥ ሲገባ እየተላጠ የማሽኑ ጭንቅላት ላይ ይለጠፋል። ባለሙያዎች እንዲህ የሆነውን ካሴት በ50 ዲግሪ አካባቢ ለሰዓታት በዝግታ ያሞቁታል። ያን ጊዜ ለጥቂት ጊዜ ደህና ይሆናል፤ በዚያች ፋታ ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ አለበት። ማጫወቻውም ቢሆን ከየት ይመጣል? ሶኒ የቤታካም ካሴት ማጫወቻ መሸጥ ካቆመ ዓመታት ተቆጥረዋል። ያሉት ማሽኖች አንዱ ለአንዱ መለዋወጫ እየሆኑ ነው የሚሠሩት።

ላዩ ላይ ሌላ እየቀረጹ ማጥፋትም አለ። ይህ የድሃ አገር ችግር ብቻ አይደለም። ቢቢሲ የሰው ልጅ ጨረቃን የረገጠባትን ማታ ያስተላለፈውን የራሱን የስቱዲዮ ዝግጅት አብዛኛውን አጥፍቶታል። ናሳ ራሱ የዚያኑ ጉዞ የመጀመሪያ ቅጂ የያዙ ካሴቶች ተሰርዘው ለሌላ ሥራ ሳይውሉ እንዳልቀሩ አምኗል። ካሴት ውድ ነበር፤ ትናንት የተላለፈ ዜና ደግሞ ዛሬ ርካሽ ይመስላል።

ዜናው ሲጠፋ ወይም ሲቆለፍ ሰው ሌላ ቦታ ይፈልጋል። እኛ አገር የተገኘው ልብ ወለድ ውስጥ ነው። በጥር 1974 በኤርትራ ስለተጀመረው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ዛሬ አንድ ወጣት ማወቅ ቢፈልግ መጀመሪያ የሚነግሩት «ኦሮማይን አንብብ» ብለው ነው። የመጽሐፉ ደራሲ በዓሉ ግርማ በማስታወቂያ ሚኒስቴር ትልቅ ሹም ሆኖ ለዚያ ዘመቻ አስመራ ከርሟል። የመጽሐፉን ዋና ገጸ ባሕርይ፣ ፀጋዬ ኃይለማርያምን፣ የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ አደረገው። በቴሌቪዥን ያልተነገረውን የዘመቻውን ታሪክ የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ በልብ ወለድ ተረከው። መጽሐፉ ከገበያ ተለቀመ፤ በዓሉም ከሥራው ተባረረ፣ የካቲት 1976 አንድ ቀን ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ልብ ወለዱን እወደዋለሁ፤ አሥር ጊዜም ባነብበው አይሰለቸኝም። ግን አንድ አገር ስለ ገዛ ጦርነቱ ከልብ ወለድ በቀር የሚይዘው ነገር ሲያጣ ደስ አይለኝም። በዚያ ዘመቻ የናቅፋን ተራሮች ሲወጡ የቀሩት ልጆች ገጸ ባሕርያት አልነበሩም።

ውጭ አገር ያለው የእኛ ምስል ነገር ደግሞ ለብቻው ያበሳጫል። የ1928ቱን የጣሊያን ወረራ በብዛት የቀረጸው የሙሶሊኒ መንግሥት ተቋም የነበረው ሉቼ ነው። ፊልሞቹ ዛሬም ሮም ውስጥ በወግ በወጉ ተቀምጠዋል፤ በኢንተርኔትም ይታያሉ። በእነዚያ ፊልሞች ውስጥ መንገድ የሚሠራ፣ ሰንደቅ የሚሰቅል፣ ለሕፃን ዳቦ የሚሰጥ ወታደር ሞልቷል። የመርዝ ጋዙ የለም። የጣሊያን መከላከያ ሚኒስቴር ጋዙን መጠቀሙን በይፋ ያመነው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው፤ ያም የሆነው አንጄሎ ዴል ቦካን የመሰሉ ታሪክ ጸሐፊዎች የራሱን የጦር ሠራዊት ቴሌግራሞች ከመዝገብ ቤት አውጥተው ስለሞገቱት ነው። ካሜራው የደበቀውን ወረቀቱ ተናገረ። እኛም ጋ እንዲሁ ሆኗል፤ ታኅሣሥ 1987 በተጀመረው የቀይ ሽብር ችሎት የደርግ ባለሥልጣናትን ካጋለጧቸው ነገሮች አንዱ ራሳቸው ፈርመው ያስቀመጡት ወረቀት ነበር።

የ1977ቱን ረሃብ የካሜራ ባለሙያው መሐመድ አሚን ኮረም ላይ የቀረጸው ቪስኒውስ ለተባለው የዜና ምስል ድርጅት ነበር። ቪስኒውስን በኋላ ሮይተርስ ጠቀለለው፤ ዛሬ ያን ምስል በሥራው ላይ ማሳየት የሚፈልግ ኢትዮጵያዊ ፊልም ሠሪ ፈቃድ ጠይቆ ከፍሎ ነው የሚወስደው። ነጋዴውን አልወቅስም፤ ምስሉን ጠብቆ አቆይቷል። የሚያናድደኝ የእኛው ነው።

ነገሩ ሁልጊዜ መንግሥት ካልሠራው የማይሠራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1968 የቬትናም ጦርነት በጋለበት ወቅት በአሜሪካ ናሽቪል ከተማ የሚኖር ፖል ሲምፕሰን የሚባል የኢንሹራንስ ሰው የቴሌቪዥን ጣቢያዎቹ የማታ ዜናቸውን ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ እንደሚሰርዙት ሲሰማ ማመን አቃተው። የቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲን አሳምኖ በዚያው ነሐሴ የሦስቱንም ጣቢያዎች የማታ ዜና በየዕለቱ ማስቀረጽ ጀመረ። ከጣቢያዎቹ አንዱ ሲቢኤስ ዩኒቨርሲቲውን ፍርድ ቤት ገተረው። እ.ኤ.አ. የ1976ቱ የቅጂ መብት ሕግ ቤተ መጻሕፍት ዜና ቀርጸው ማስቀመጥ እንደሚችሉ ሲደነግግ ክሱም ቀረ። ዛሬ ስለዚያ ጦርነት የቴሌቪዥን ዜና የሚያጠና ሰው መጀመሪያ ከሚሄድባቸው ቦታዎች አንዱ ይህ የቫንደርቢልት መዝገብ ነው። ፈረንሳዮች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1992 ሕግ አውጥተው መጽሐፍ ለብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት እንደሚገባ ሁሉ የራዲዮና የቴሌቪዥን ዝግጅትም ለመዝገብ እንዲገባ አደረጉ። እኛ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍታችንን፣ ወመዘክርን፣ ካቋቋምን ከ80 ዓመት በላይ ነው። መጽሐፍ የሚያሳትም ሰው ቅጂ እንደሚያስረክብ ያውቃል። ለዜናም ይህንኑ እንልመድ።

አንዳንድ ወዳጆቼ «ቁስል መቀስቀስ ነው» ይሉኛል። ነገሩን አቃልዬ አላየውም። በቀይ ሽብር ጊዜ ደረታቸው ላይ ጽሑፍ ተለጥፎባቸው መንገድ የተጣሉ ልጆች እናቶች አሁንም በሕይወት አሉ። ልጅዋን በምሳ ሰዓት ዜና ድንገት ማየት ያለባት እናት የለችም። ግን መዝጋት ሌላ፣ ማጥፋት ሌላ። ለተወሰነ ዓመት ይታሸግ፣ ቤተሰብ ይጠየቅ፣ ለፍርድና ለጥናት ግን ይኑር። መስቀል አደባባይ ያለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ይህን ያውቅበታል፤ እዚያ ጎብኚውን እየመሩ ከሚያስረዱት መካከል ራሳቸው ታስረው የተገረፉ ሰዎች አሉ። ፎቶውና ምስክሩ አንድ ክፍል ውስጥ ቆመዋል። ለካራማራው፣ ለአፍአበቱ፣ ለባድመው ጦርነት ምስል ይህ ለምን አይደረግም? ደግሞም በአንድ ወገን ብቻ አይደረግ። ደርግን በበረሃ ይወጉ የነበሩትም የራሳቸው ካሜራና ራዲዮ ነበራቸው፤ የእነሱም ታጋዮች እያረጁ ነው።

ከ2013 እስከ 2015 በሰሜን የተካሄደው ጦርነት ደግሞ ምስሉ የተበተነው በሰው ስልክ ውስጥ ነው። ትግራይ ውስጥ የማኅበረ ዴጎ ግድያ የተፈጸመበትን ቦታ ቢቢሲ ያረጋገጠው ከገዳዮቹ ጀርባ የሚታየውን የተራራ ቅርጽ ከሳተላይት ምስል ጋር አስተያይቶ ነው። እንዲህ ያለ ማስረጃ ከሁሉም ወገን አለ። ስልክ ግን ይሰረቃል፣ ውኃ ይገባዋል፤ ኩባንያዎቹም ደም ያለበትን ቪዲዮ በአንድ ቁልፍ ይሰርዙታል። ይህ ትውልድ ከሁሉ የበለጠ ቀርጾ ከሁሉ ያነሰ እንዳያስቀር እፈራለሁ።

ጣቢያዎቻችን ያላቸውን ሁሉ ነገ ይክፈቱ አልልም። ለጊዜው ዝርዝሩን ያውጡ፤ የትኛው ካሴት ምን እንደያዘ፣ የትኛው እንደተበላሸ ሕዝብ ይወቅ። ቀጥሎ አንድ ክፍል፣ አንድ ስክሪን፣ አንድ መቅረጫ ያዘጋጁና የቀድሞ ሠራዊት አባላትን በየተራ ይጥሩ። ምስሉን እያቆሙ «ይኼ ማነው?» ብለው ይጠይቁ። ይህን ለመሥራት በጀት እስኪጸድቅ መጠበቅ የለባቸውም።

አንተም አንባቢ፣ አንቺም አንባቢ፣ ቤታችሁ የዘመተ አባት ወይም አጎት ካለ በሚመጣው እሑድ ከቡና በኋላ አጠገቡ ተቀመጡ። ስልካችሁን አስፈቅዳችሁ ክፈቱ። ስለ ጀግንነት አትጠይቁት፤ የጓደኞቹን ስም፣ ያደሩበትን ቦታ፣ ወሩን ጠይቁት። ቁም ሣጥን ውስጥ ያለውን ፎቶ አውጥታችሁ ጀርባው ላይ የነገራችሁን በእርሳስ ጻፉበት።