ኮከቡ ስለ ሻጩ ዓይን አይመሰክርም

እ.ኤ.አ. በ1974 ማርቭል ያሳተመው «ዘ ኢንክሬዲብል ሃልክ» ቁጥር 181፣ ዎልቨሪን የተባለው ገጸ ባሕርይ ለመጀመሪያ ጊዜ በሙሉ ታሪክ የቀረበበት ኮሚክ ነው። በዚያ ዘመን ማርቭል በመጽሔቶቹ ውስጥ ትንንሽ ቴምብሮች እያተመ፣ አንባቢዎች በመቀስ ቆርጠው እንዲያጠራቅሟቸው ያበረታታ ነበር። ልጆቹም ቆረጡ። ዛሬ ሽፋኑ እንደ አዲስ የሚያብረቀርቅ፣ ማዕዘኖቹ ያልተነኩ፣ ቀለሙ ያልደበዘዘ ቅጂ የገዛ ሰው ውስጡን ሲገልጥ አራት ማዕዘን ቀዳዳ ሊያጋጥመው ይችላል። ሻጩ በበይነ መረብ የለጠፈው የፊትና የኋላ ሽፋን ፎቶ ብቻ ከሆነ ቀዳዳው አይታይም። የዋጋው ልዩነት ግን በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ሊደርስ ይችላል።

ሳያይ የሚገዛ ሰው ታዲያ በምን ይተማመናል? አብዛኛው ገዢ ዓይኑን የሚጥለው ከሻጩ ስም አጠገብ ባለው ኮከብና መቶኛ ላይ ነው። ከመቶ ዘጠና ዘጠኙ ደንበኛ ረክቷል ከተባለ ጥያቄው እዚያ ያበቃል። እኔ ግን ይህ ቁጥር የሚለካው ሌላ ነገር ነው እላለሁ። ሻጩ ገንዘብ ተቀብሎ የማይጠፋ፣ ዕቃውን አሽጎ በጊዜው የሚልክ ሰው መሆኑን ይነግረናል። የይዞታ ደረጃው «9.4» ነው ብሎ የጻፈበት ኮሚክ በእርግጥ 9.4 ይሁን አይሁን አይነግረንም። እነዚህ ሁለቱ የተለያዩ ችሎታዎች ናቸው፤ ገበያው ግን በአንድ ኮከብ ጠቅልሎ ያቀርባቸዋል።

የደረጃው ነገር ቀላል አይደለም። ሮበርት ኦቨርስትሪት እ.ኤ.አ. በ1970 የመጀመሪያውን የኮሚክ ዋጋ መመሪያ ካወጣ ወዲህ ዋጋና ይዞታ ተለያይተው አያውቁም። ዛሬ የሚሠራበት መለኪያ ከ0.5 እስከ 10 የሚደርስ ሲሆን 6.0 «ፋይን»፣ 8.0 «ቬሪ ፋይን»፣ 9.4 «ኒር ሚንት» ይባላል። ስፓይደርማን መጀመሪያ የታየበት «አሜዚንግ ፋንታሲ» ቁጥር 15 እ.ኤ.አ. በ1962 በ12 ሳንቲም ተሸጠ፤ 9.6 የተሰጠው አንድ ቅጂ በ2021 ጨረታ ላይ 3.6 ሚሊዮን ዶላር አወጣ። የዚያው እትም የተጎሳቆሉ ቅጂዎች በአሥር ሺዎች በሚቆጠር ዶላር ይገኛሉ። ታሪኩ አንድ፣ ሥዕሉ አንድ፣ አሳታሚው አንድ፤ ልዩነቱ ጀርባው ላይ ባሉ ጭረቶች፣ በስቴፕሎቹ ዝገትና በገጾቹ ቢጫነት ነው። ያንን ልዩነት በቁጥር የሚናገረው ደግሞ ከቁጥሩ የሚጠቀመው ሻጩ ራሱ ነው።

በዚያው በ1970 የምጣኔ ሀብት ሊቁ ጆርጅ አከርሎፍ ስለ አሮጌ መኪኖች ገበያ የታወቀ ጥናቱን አሳተመ። ሻጩ የሚያውቀውን ገዢው ካላወቀ መጥፎው ዕቃ ጥሩውን ከገበያ ያስወጣዋል የሚለው ይህ ጥናት በ2001 ለኖቤል ሽልማት አብቅቶታል። የበይነ መረብ ገበያ መድኃኒቱ የደንበኞች አስተያየት ነው ብሎ ተነሣ። ጂንጀር ጂንና አንድሩ ካቶ የተባሉ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች ይህን በኮሚክ ቅርብ ዘመድ፣ በቤዝቦል ካርድ ፈተኑት። ደረጃ ያልተሰጣቸውን ካርዶች ከኢቤይ ገዝተው ለሙያተኛ መርማሪ ላኩ። በ2006 ባሳተሙት ውጤት መሠረት ዕቃዬ እጅግ ከፍተኛ ደረጃ ነው ብለው የጻፉ ሻጮች የበለጠ ዋጋ አገኙ፤ የላኩት ካርድ ግን የተሻለ አልነበረም። ጥሩ ስም ያላቸው ሻጮች ገንዘብ ተቀብለው የመካድ ወይም የተጭበረበረ ዕቃ የመላክ ዕድላቸው ያነሰ ነበር። ሽያጩ በአግባቡ ከተፈጸመ በኋላ ግን የእነሱ ካርድ ከሌላው የተሻለ ጥራት አልነበረውም። ለእኔ ከዚህ የበለጠ ግልጽ ማስረጃ አያስፈልግም።

ምክንያቱም ሩቅ አይደለም። አስተያየት የሚጻፈው ጥቅሉ በተከፈተ ሰሞን ነው፤ ኮሚኩ ደግሞ ያኔ ገና በላስቲክ ከረጢቱ ውስጥ ነው። ብዙ ሰብሳቢዎች ሽፋኑን አይተው ደስ ይላቸውና ወደ ሣጥን ይከቱታል። የጎደለው ገጽ፣ በቀለም እስክሪብቶ የተሸፈነው ጭረት፣ ጠርዙ በምላጭ መከርከሙ የሚታወቀው ከዓመታት በኋላ ሲሸጥ ነው። በዚያ ላይ አስተያየት ሰጪው ራሱ 8.0ን ከ9.0 የመለየት ልምድ ላይኖረው ይችላል። «መግለጫው ትክክል ነው ወይ?» የሚል ለብቻው የቆመ ነጥብ መኖሩም ችግሩን አይፈታውም፤ የሚመልሰው ያው ሰው፣ በዚያው ቀን ነውና።

እንግዲህ ሻጩን መመዘን ያለብን በሠራው ሥራ ነው። ከዚህ ቀደም የሸጣቸውን አውጥቶ ፎቶውን ከሰጠው ቁጥር ጋር ማስተያየት ይቻላል፤ በተለይ ጥቁር ሽፋን ያላቸውን። በጥቁር ሽፋን ላይ ስቴፕሎቹ አካባቢ ያሉ ጥቃቅን ነጭ ጭረቶች ይጋለጣሉ፤ ቁጥራቸው ከአንድ እጅ ጣት ካለፈ 9.4 የሚለው ቃል አይጸናም። ፎቶው በከረጢቱ ውስጥ እንዳለ የተነሣ ከሆነና ብርሃኑ ላስቲኩ ላይ ካንጸባረቀ ሻጩ ያላየውን ነው የሚነግረን። ከቁጥሩ ይልቅ ግን ጽሑፉ ይበልጥብኛል። «ገጾቹን ቆጥሬያለሁ፣ ቴምብሩ አለ፣ የታችኛው ስቴፕል ላልቷል፣ የኋላው ማዕዘን ላይ የሩዝ ፍሬ የምታህል እጥፋት አለ» የሚል ሻጭ ኮሚኩን ከፍቶ አይቶታል። «ለዕድሜው በጣም ጥሩ ነው» የሚለው ግን ምንም አልነገረንም። በአዲስ አበባ የቴሌግራም ገበያ «ስላይትሊ ዩዝድ» የቱን ያህል እንደሚለጠጥ የሚያውቅ አንባቢ ይህን ለመረዳት አይቸገርም።

አንድ ነገር ደግሞ በተለይ ልብ ይባል። የሚፈለገው የማይሳሳት ሻጭ አይደለም፤ ስሕተቱ ወጥ የሆነ ነው። ሁልጊዜ ግማሽ ደረጃ የሚያጋንን ሻጭ ዋጋውን ቀንሰን ልንገዛው እንችላለን። ዛሬ አጋንኖ ነገ አሳንሶ፣ ርካሹን በጥንቃቄ ውዱን በለጋስነት የሚመዝን ሻጭ ግን በምንም ሒሳብ አይገመትም። ይህ የሚታወቀው ደግሞ ብዙ ሽያጮቹን ጎን ለጎን በማየት ብቻ ነው።

«ታዲያ በሙያተኛ ተመርምሮ የታሸገውን ብቻ መግዛት አይሻልም?» የሚል ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ2000 የተቋቋመው የፍሎሪዳው ሲጂሲ ኮሚኮችን መርምሮ፣ ደረጃ ሰጥቶ፣ በጠንካራ ፕላስቲክ አሽጎ ይመልሳል፤ ለውድ ኮሚክ እኔም የምመክረው ይህንኑ ነው። ነገር ግን የምርመራው ክፍያ ብዙውን ጊዜ በአሥሮች የሚቆጠር ዶላር ስለሆነ ሃያ ዶላር ለማያወጣ ኮሚክ ትርጉም የለውም፤ የሰብሳቢዎች አብዛኛው ግዢ ደግሞ እዚያ ነው። ማሸጊያውም ቢሆን ዓይንን ጨርሶ አያሳርፍም። በ2023 መጨረሻ አካባቢ በእነዚህ የፕላስቲክ ማሸጊያዎች ውስጥ ዝቅተኛ ደረጃ ያላቸው ቅጂዎች ተተክተው መሸጣቸው ሲጋለጥ፣ የያዟቸውን አሮጌና አዲስ ፎቶዎች እያስተያዩ ነገሩን ያወጡት ሰብሳቢዎቹ ነበሩ። «ደረጃ የአመለካከት ጉዳይ ነው» የሚለው መከራከሪያም ግማሽ እውነት ነው። 9.2 ነው ወይስ 9.4 በሚለው ሁለት ሙያተኞች ሊለያዩ ይችላሉ። የጎደለ ቴምብርና የተላቀቀ ገጽ ግን የአመለካከት ጉዳይ አይደሉም፤ ሻጭ በብዛት የሚያልፋቸውም እነዚህን ነው። የመመለስ መብት አለ ቢባልም ቀነ ገደብ አለው፤ የሚጠቅመውም ጉድለቱን በጊዜ ላየ ሰው ብቻ ነው።

የገበያ ድረ ገጾቹ ከፈለጉ ሊያደርጉት የሚችሉት አንድ ነገር አለ። ደረጃ ሳይሰጠው የተሸጠ ኮሚክ ቆይቶ በሙያተኛ ሲመረመር፣ ገዢው ውጤቱን ከመጀመሪያው ሽያጭ ጋር እንዲያያይዝ መፍቀድ። ሻጩ 9.4 ያለው 8.5 ሆኖ ከተገኘ በስሙ ሥር ይመዝገብ፤ 9.6 ሆኖ ከተገኘም እንዲሁ። የሚላከው የተመረጠ ስለሚሆን ሚዛኑ ፍጹም አይሆንም፤ ሆኖም ጥቅሉ በተከፈተ ዕለት ከሚሰጥ ኮከብ ይልቅ ስለ ሻጩ ዓይን ብዙ ይናገራል። እስከዚያው ድረስ ገዢው ከመክፈሉ በፊት የመካከለኛውን ገጽና የስቴፕሎቹን ፎቶ ከውስጥ በኩል ይጠይቅ፤ ሃልክ 181ን የሚገዛ ከሆነ ደግሞ የቴምብሩን ገጽ።