የትኛው የዘፈን ቴያትር ይነሣ?

ባለፈው ወር በኪነ ጥበብ ክበባችን ስብሰባ ላይ፣ ለበዓል ምሽት ምን እናቅርብ የሚል ጥያቄ ተነሥቶ ነበር። አንድ ወንድማችን፣ «እስከ መቼ በተቀዳ ዘፈን እስክስታ እየመታን እንኖራለን? ታሪክ ያለው፣ ዘፈኑም ከታሪኩ የሚወለድ ሙዚቃዊ ቴያትር እናውጣ እንጂ!» ቢል አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። «የትኛውን?» ተብሎ በተጠየቀ ጊዜ ግን ጭብጨባው በረደ። አንዱ የአሜሪካኖቹን ጠራ፤ ሌላው የአዲስ አበባዎቹን ጠራ። አንዲት እኅታችን ከኋላ ተነሥታ፣ «የእኛስ አገር?» አለች። የመለሰላት አልነበረም፤ ስብሰባውም ያለ ውሳኔ ተበተነ። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ለዚያች እኅት ዘግይቶም ቢሆን መልስ ለመስጠት ነው።

አስቀድመን ነገሩን እንለይ። ዘፈን ያለበት ቴያትር ሁሉ ሙዚቃዊ ቴያትር አይባልም። ዘፈኑ ቢወጣ ታሪኩ ምንም የማይጎድልበት ከሆነ፣ ያ ዘፈን የዕረፍት መሙያ ነው። ዘፈኑ ሲወጣ ታሪኩም አብሮ የሚጎድል ከሆነ ግን፣ ይህ እኔ የምናገርለት ዓይነት ነው።

አገራችን በዚህ ረገድ ባዶ እጇን የቆመች አይደለችም። ሩሲያ የተማሩት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1913 ዓ.ም. ገደማ «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ»ን ካሳዩ ወዲህ ዘመናዊ ቴያትር በአገራችን ታወቀ። ከእርሳቸው በኋላ የተነሡት ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ ደግሞ ቅኔውንና ዘፈኑን ከጨዋታው ጋር አዋሐዱት። በ1927 ዓ.ም. ፋሺስት ኢጣልያ ሊወረን በተዘጋጀ ጊዜ የተመሠረተው የአገር ፍቅር ማኅበር ሕዝቡን ያነቃቃው በንግግር ብቻ ሳይሆን በዘፈንም ነበር፤ ከነጻነት በኋላም ቴያትሩና ዘፈኑ በአንድ መድረክ ኖሩ። በ1948 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴያትር፣ የዛሬው ብሔራዊ ቴያትር፣ ተከፈተ። ዩኒቨርሲቲም ቢሆን ከዚህ ሥራ ውጭ አልነበረም፤ እ.ኤ.አ. በ1963 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የተቋቋመው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ማሲንቆውን፣ ክራሩን፣ በገናውንና ዋሽንቱን በአንድ ጓድ ያሰለፈ ነበር።

ታዲያ ይህ ሁሉ ካለን፣ «የትኛውን?» ስንባል ለምን ዝም አልን? መልሱ አጭር ነው፤ ቃሉን አኑረን ዜማውን ስለ ጣልነው ነው።

ዮፍታሔን ምሳሌ ላድርግ። እኚህ ሰው ከዓባይ ማዶ፣ የጎጃም ደብረ ኤልያስ ልጅ ናቸው፤ ስለዚህ ለእኛ ለቦረናዎች የማዶ ጎረቤት ናቸው ማለት ይቻላል። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ይዘመር የነበረውን ብሔራዊ መዝሙር ግጥሙን እርሳቸው ጽፈው፣ ዜማውን አርመናዊው ኬቮርክ ናልባንዲያን አወጡለት። ያ ዜማ በኖታ ስለ ተጻፈ፣ የትኛውም የሙዚቃ ጓድ ዛሬ ወረቀቱን ዘርግቶ ሊመታው ይችላል። «አፋጀሽኝ» የተባለውን የዮፍታሔን ቴያትር ያገኘ ተማሪ ግን ግጥሙን ያነባል እንጂ ዜማውን ከገጹ ላይ አይሰማም። ያው ደራሲ፣ ያው ብዕር፤ አንዱ ሥራ ድምፅ አለው፣ ሌላው ዲዳ ሆኗል።

ዜማ በምልክት መጻፍ ለእኛ ባዕድ ጥበብ ነው እንዳይባል፣ የቅዱስ ያሬድ ዜማ በምልክት ተጽፎ በየደብሩ ይኖራል። ደብተራው ያደረገውን ቴያትረኛው ሳያደርግ ቀረ፤ ልዩነቱ ይኸው ነው።

ከውጭ አገር ሁለት ነገር ብቻ ልጥቀስ። በደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ1959 «ኪንግ ኮንግ» የተባለ፣ የአንድን ጥቁር ቡጢኛ ሕይወት የሚተርክ ሙዚቃዊ ቴያትር ወጣ። ሚርያም ማኬባ የተጫወተችበት ይህ ሥራ መጀመሪያ የታየው በአንድ ዩኒቨርሲቲ አዳራሽ ውስጥ፣ በጆሃንስበርግ ዊትዋተርስራንድ ነበር። ዘፈኖቹ በሸክላ ታትመው ስለ ቀሩ፣ ከ58 ዓመት በኋላ በ2017 በኬፕ ታውን እንደ ገና መድረክ ላይ ቆመ። ሁለተኛው የአሜሪካኖቹ «ቺካጎ» ነው። በ1975 ሲወጣ የነበረው ዝና መጠነኛ ነበር፤ በ1996 ግን ብዙ ጌጥ ሳይኖረው፣ ተጫዋቾቹ ጥቁር ልብስ ለብሰው፣ ሙዚቀኞቹም እዚያው መድረክ ላይ ተቀምጠው ቢያቀርቡት፣ እነሆ እስከ ዛሬ የኒውዮርክን መድረክ አልለቀቀም። ከመጀመሪያው የምንማረው፣ ዜማው የተያዘ ሥራ ዕድሜው ረጅም መሆኑን ነው። ከሁለተኛው የምንማረው ደግሞ ለማስነሣት ብዙ ገንዘብ የግድ አለመሆኑን ነው። «በጀት የለም» የምንል ወንድሞች ይህን እናስብ።

አሁን ወደ ራሳችን ልመለስ። የእናቴ አጎት በደርግ ዘመን፣ መካነ ሰላም የቦረና አውራጃ ከተማ በነበረች ጊዜ፣ በአውራጃው ኪነት ማሲንቆ ይመቱ ነበር። ከስብሰባው በኋላ በነበረው እሑድ ሄጄ የቀድሞውን እንዲያጫውቱኝ ለመንኳቸው። ከሣጥናቸው ሥር ጠርዙን አይጥ የበላው ሰማያዊ ደብተር አወጡ። በደብተሩ ውስጥ አንድ ሙሉ የዘፈን ቴያትር በእጅ ተጽፎ አለ፤ በሠርጓ ሌሊት ጠፍታ፣ ፊደል ለመቁጠር ወደ መሠረተ ትምህርት ጣቢያ የሄደች የአንዲት ሙሽራ ታሪክ። ዘፈኖቹ 11 ናቸው። አጎቴ እንዲያዜሙልኝ ጠየቅኋቸው። የ4ቱን ዜማ አወጡት፤ 2ቱን ጀምረው ተዉአቸው። ወደ ሙሽራዋ ዘፈን በደረስን ጊዜ ደብተሩን ከደኑት።

«ይኸን የምታውቀው እሷ ነበረች፤ እኔ እከተላታለሁ እንጂ አልመራትም» አሉኝ።

ሙሽራዋን ሆና ትጫወት የነበረችው ሴት ያረፈችው የዛሬ ሦስት ዓመት ነው። ቤቷ ከግቢያችን በር በእግር ሩብ ሰዓት አይሞላም። እኔ ያን ጊዜ እዚሁ ከተማ ነበርሁ፤ ለቅሶዋም ላይ ተቀምጫለሁ። ዘፈን ይዛ እንደ ሄደች አላወቅሁም።

ተማሪ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ የዚህ ሁሉ ጽሑፍ ፍሬ ነገር እዚህ ላይ ነው። ወደ ፊት የትኛው የዘፈን ቴያትር ይነሣል ብለን ስንጠይቅ፣ የትኛው ይበልጥ ያምራል ብለን የምንመርጥ ይመስለናል። እንደ እውነቱ ከሆነ ግን የሚነሣው፣ አንድ ሰው በሕይወት ሳለ ሌላ ሰው ሄዶ ዜማውን የተቀበለው ብቻ ነው። በ1980 ዓ.ም. ገደማ ብዙ አገር የዞረው «ሕዝብ ለሕዝብ» ዛሬም የሚታወቀውና የሚጠናው በፊልም ስለ ተቀረጸ ነው። ደሴ ላይ የነበረው፣ ማሪቱ ለገሠን ያፈራው የወሎ ላሊበላ ኪነትም ዝናው የቆየው በዘፈኑ ቅጂ ነው። ቅጂ ያልደረሰለት የአውራጃና የቀበሌ ኪነት ግን በሽማግሌዎች ጉሮሮ ብቻ ይኖራል። አምባሰልና ባቲ የተባሉት ቅኝቶች ስማቸውን ከወሎ ምድር ያገኙ ሆነው ሳለ፣ የወሎ ልጅ የጎረቤቱን ዜማ ሳይቀበል መቅረቱ ምን ይባላል? የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለው ለእኛ አይደለምን?

እዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞ እንደሚነሣብኝ አውቃለሁ።

የመጀመሪያው፣ «የደርግ ኪነት የመንግሥት መሣሪያ ነበር፤ ምን ሊባል ይነሣል?» የሚል ነው። ይህ ተቃውሞ እውነት አለበት። በመስከረም 1977 ዓ.ም. የአብዮቱ 10ኛ ዓመት በአዲስ አበባ በታላቅ ድግስ ሲከበር፣ ወሎ በረኃብ ትረግፍ ነበር፤ ከዚያም ብዙ ወሎዬ በሰፈራ ስም ወደ ምዕራብ ኢትዮጵያ ተወስዷል። በዚያ ዘመን «ደስ ብሎናል» እያለ የዘፈነ መድረክ ሁሉ ዛሬ ሊጠየቅ ይገባዋል። በአጎቴ ደብተር የመጨረሻው ዘፈንም ምንም ከሙሽራዋ ጋር የማይገናኝ የውዳሴ ዘፈን ነው። እኔ ቴያትሩን ስገለብጥ እሱን ልዘለው አሰብሁ፤ ነገሩንም ነገርኋቸው።

«የለም፣ እሱንም ጻፈው» አሉኝ። «እሱን ብታወጣው ነጻ የነበርን ይመስላል።»

ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም። ማስነሣት ማለት ማስዋብ አይደለም። ያ ዘፈን በቦታው ይዘፈን፤ ከዘፈኑ በኋላም አንድ ሰው መድረኩ ላይ ወጥቶ ለምን እንደ ተጨመረ በአጭሩ ይንገር። ተመልካቹ ሙሽራዋን ይውደድ፣ ውዳሴውን ይታዘብ፤ ሁለቱም የዚያ ዘመን ልጆች ናቸው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከበድ ይላል። «ክልላችን ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ተኩስ ሲሰማና ሰው ሲቀብር የኖረ ነው፤ በእንዲህ ያለ ዘመን ስለ ዘፈን ማሰብ ቅንጦት አይሆንምን?» የሚሉ አሉ። እኔ ግን እላለሁ፤ በአገራችን ሐዘን እንኳ ያለ ዜማ ተቀብሮ አያውቅም። ለቅሶ ቤት ውስጥ አልቃሿን «ዘመኑ ክፉ ነውና ዝም በይ» የሚላት የለም፤ ይልቁንም የምትፈለገው ያን ጊዜ ነው። ደግሞም ክፉ ዘመን ሽማግሌዎችን ቶሎ ይወስዳል። ሰላም እስኪሆን እንጠብቅ ካልን፣ ሰላሙ ሲመጣ ደብተር እንጂ ዘፈን አይጠብቀንም። «አፋጀሽኝ» የሚለው ርእስ ብቻ እንኳ ዛሬ ሲነበብ፣ ያፋጀው ማነው፣ የተፋጀውስ ማነው የሚል ጥያቄ ያነሣል። ይህ ጥያቄ የሚያስፈልገው ለሰላም ጊዜ ብቻ ነውን?

እንግዲህ አሳቤን በተራ ላቅርብ።

በመጀመሪያ መነሣት ያለበት የቦረናው የሙሽራይቱ ቴያትር ነው። ከሁሉ ስለሚበልጥ አይደለም፤ ከሁሉ ስለሚቸኩል ነው። ቤት ሲቃጠል አስቀድሞ የሚወጣው በገበያ የማይገዛው ዕቃ ነው። ከዚያ ጓድ የቀሩ ሌሎች ሰዎች በወግዲ፣ በከለላ ወይም በሳይንት ይኖሩ ይሆናል። ክበባችን በየአገሩ የሚሄዱ ተማሪዎችን ስም ይመዝግብ፤ ለዕረፍት ወደ ቤታችን ስንገባ እያንዳንዳችን በሰፈራችን ኪነት የነበረ ሰው ፈልገን፣ ፈቃዱን ጠይቀን፣ ዜማውን በስልካችን እንቅረጽ። ኖታ የሚያውቅ መምህር ካለ ይጻፍልን፤ ከሌለ ድምፁ ይበቃል።

በሁለተኛው ተራ «አፋጀሽኝ» ይምጣ። መጽሐፉ አለና ትንሽ መታገሥ ይችላል። የመጀመሪያውን ዜማ የሚያውቅ ካገኘን እሰየው፤ ካላገኘን በአምባሰልና በባቲ አዲስ ዜማ እናውጣለት፤ ነገር ግን አዲስ መሆኑን ሳንደብቅ ለተመልካቹ እንንገር።

የውጭዎቹ በሦስተኛው ይድረሱ። እነርሱ ሸክላ አላቸው፣ ኖታ አላቸው፣ ጠባቂ አላቸው፤ እኛ ብንዘገይ አይሞቱም።

ለመጀመሪያው ምሽት መጋረጃ አያስፈልገንም። ወንበር አስቀምጠን፣ ግጥሙን በእጃችን ይዘን፣ ማሲንቆውን መሐል አድርገን እንቀመጥ። አጎቴ ጉልበታቸው ደከመ እንጂ ጣታቸው ገና ደኅና ነው፤ ብንለምናቸው እምቢ አይሉም። የ4ቱን ዘፈን ይምሩ፣ እኛ እንከተል። በጎደሉት ቦታዎች ግጥሙ ብቻ ይነበብ። የሙሽራዋ ተራ ሲደርስም አንዲት እኅት ቆማ፣ ያለ ዜማ፣ በንባብ ብቻ ታሰማን። ምን እንደ ጠፋብን አዳራሹ ሁሉ ያን ጊዜ ያውቃል።

ያችም እኅት፣ «የእኛስ አገር?» ብላ የጠየቀችው ብትሆን ደስ ይለኛል።

አንድ የ3ኛ ዓመት ተማሪ፣ መካነ ሰላም