ዶሮዋ ድርሻዋን ፈጽማለች

በወለጋዋ ጊዳ አያና እናቶች ከታቀፈች ዶሮ ሥር አሥር ያህል እንቁላል አኑረው 21 ቀን ይጠብቃሉ። ይህ ሙያ አይናቅ፤ ብዙ እንቁላል በመጣል የታወቀችው ሌግሆርን እንኳ መታቀፉን እምብዛም አታውቅበትም። ጥፋቱ የሚመጣው ጫጩቶቹ ከተፈለፈሉ በኋላ ነው። ለደብተር መግዣ የታሰቡትን ጫጩቶች በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጭልፊት፣ ሸለምጥማጥ፣ ብርድና ፈንግል ይፈጇቸዋል። እናቲቱ ክንፏን ከመዘርጋት በቀር ምን መከላከያ አላት?

እንግዲህ ለዕረፍት ወደ እናቱ ቤት የተመለሰ ተማሪም ሆነ በወረዳው የተመደበ ወጣት ሠራተኛ፣ ስለ እርሻ መሻሻል ከመናገሩ በፊት ወደ ጓሮ ይውጣ። ቅርጫት ይድፋላቸው፤ ንጹሕ ውሃና የተሸረከተ በቆሎ ያቅርብላቸው፤ ሲመሽ ወደ ቤት ያስገባቸው፤ ስለ ፈንግል ክትባትም የእንስሳት ሐኪም ይጠይቅ። ዶሮዋ የ21 ቀን ድርሻዋን ፈጽማለች፤ የቀረው የእኛ ነው።