እቶኑ ወደ መንደር ይምጣ

እስቲ ልጠይቃችሁ። ጠጅ ቤት ገብታችሁ ብርሌ ጨብጣችኋል፤ ያቺ ቀጭን አንገት እንዴት እንደወጣች አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላየሁም። ዕቃውን እንጂ ሥራውን ማን አሳየን?

አሜሪካ ውስጥ ግን አንድ ደስ የሚል ነገር ተሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ1868 አንድ የብሩክሊን የብርጭቆ ፋብሪካ ዕቃውን በጀልባ ጭኖ፣ በሃድሰን ወንዝና በኢሪ ቦይ አድርጎ፣ ኮርኒንግ ወደምትባል ትንሽ ከተማ ተዛወረ። ከ150 ዓመት በኋላ፣ በ2018፣ የኮርኒንግ የመስታወት ሙዚየም ያንን ጉዞ ለማስታወስ በኤሌክትሪክ የሚሠራ እቶን ጀልባ ላይ አስቀመጠ። በውሃው ዳር ባሉ ትንንሽ ከተሞች ጭምር እየቆመም ብርጭቆ ሲነፋ በነጻ አሳየ።

«ለአንድ ቀን ታይቶ ለሚሄድ ነገር ይሄ ሁሉ ድካም? ገጠሩ የሚያስፈልገው ሌላ ነው» የሚል አይጠፋም። ግማሹ እውነት ነው፤ አይቶ ማጨብጨብ ብቻውን ሙያ አይሆንም። ግን ያላየውን ማን ይመኛል? ከሺህ ዲግሪ በላይ ከጋለ እቶን እንደ ማር የሚለጠጥ ነገር ወጥቶ፣ በብረት ቱቦ ጫፍ በሰው ትንፋሽ ሲያብጥ፣ አንዳንዴም ባለሙያው እጅ ላይ ሲሰበር ያየ ልጅ «ለካ የሰው ሥራ ነው!» ይላል። ሳጥን ውስጥ የተቆለፈ ዕቃ ይህን አይነግረውም።

ሙዚየሙ ልጆች የሳሉትን በባለሙያ እጅ ወደ ብርጭቆ ሲለውጥም ቆይቷል። እኔን ከጠየቃችሁኝ ከሁሉ በፊት ገጠር መድረስ ያለበት ይሄኛው ነው። የገበሬው ልጅ ላሙን ይሳል፣ ባለሙያው ይንፋለት። ያኔ ልጁ ተመልካች ብቻ አይደለም።